ማለደና የተከፈተው ሞተር

ባለ እጁ ማለደ በማኪና ፍቅር የተለከፈው ጣሊያን ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ቁልቁል ወደ ድብ ባሕር መንገድ ባወጣ ሰሞን ነው። ቤተ እስራኤል ነው፤ ብረት ስለሚቀጠቅጥም የድብ ባሕር ሰው ድሮም ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ሐሜት ተጨመረበት። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር ወርዶ የወደቀ ይለቅማላ! የተቃጠለ ካንዴላ፣ የመብራት ስባሪ፣ የጎማ ቁራጭ፣ ያገኘውን ሁሉ በእንቅብ አጠራቅሞ እያገላበጠ ሲያይ ያመሻል። እንዲህ ያለ ሰው ባንዳ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ጥሩ የተባለችው ሚስቱ እንኳ አንዳንዴ ትጠረጥረው ነበር፤ እኔም ብሆን መጠርጠሬ አይቀርም።

የአርበኞቹ አለቃ አላምረው ሰው ላከበት። «ከካሚዮን አጠገብ ዳግመኛ ከታየ ቤቱን በላዩ ላይ አነድበታለሁ» ነው መልእክቱ። ማለደ ፈራና ከደጁ መውጣት ተወ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቤቱ በታች፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ካሚዮን ተበላሽቶ ቆመ። ከጣሊያኑ ሾፌር ጋር የነበረው አስተርጓሚ እያለከለከ ሽቅብ ወጣ።

«ቡሎን ተሰብሮብናል። ቶሎ ቀጥቅጠህ አምጣ።»

ማለደ ቁልቁል ሲያይ ኮፈኑ ተከፍቷል። ስንት ጊዜ ያለመው ሞተር ሆዱን ገልጦ ይጠብቀዋል። ምራቁን ዋጠ።

«ዛሬ ሰንበት ነው፤ እሳት አላነድም። ፀሐይ ስትጠልቅ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

«ሽፍቶቹ እስኪደርሱ ልታቆየን ነው፣ አይደል?»

አስተርጓሚው በሰደፍ ደቃው፤ ማለደ ግን ወይ ፍንክች። ሌላ ባለ እጅ በአካባቢው ስለሌለ ሾፌሩ እየተራገመ ጀምበሯን ይጠብቅ ጀመር።

ከጀምበሯ አርበኞቹ ቀደሙ። ሾፌሩና አስተርጓሚው በገደሉ ሾልከው አመለጡ፤ ካሚዮኑ ነደደ። አመሻሽ ላይ አላምረው ወደ ማለደ ደጅ መጣ።

«ሸጋ አድርገህ አቆየህልን፣ አያ ማለደ! በሰንበት አሳበህ!»

«አላሳበብሁም። ሰንበት ስለሆነ ነው።»

አላምረው ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ካላመንሁህ ጣሊያን ያምንሃል? ነገ መጥቶ ቤትህን ያቃጥለዋል። ሚስትህን ይዘህ ከእኛ ጋር ተነሥ።»

ሚስቱ ማልቀስ ጀመረች። ማለደ ግን ዓይኑን ከካሚዮኑ ጭስ ላይ መንቀል አቃተው።

«ሳታቃጥሉት በፊት ውስጡን አያችሁት?» አለ። «ምን ምን አለው?»

የአላምረው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ማለደን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ወደ ጭፍሮቹ ዞረ።

«ይህን ሰው ከፊት አስቀድሙት» አላቸው። «ዓይናችሁ እንዳይለየው።»