የክፍል አራት አስተርጓሚ

በልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ወሬ ማለት እሷ ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም «ሬዲዮ» ነው የምንላት። ማሽኑ እያጓራ እንኳ ድምጿ ይሰማል። እኔ አንሶላ አጣጥፋለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች፣ ሐኪም ቤቱን በሙሉ ታማልኛለች። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ ራሷ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አገርሽ የት ነው ሲሏት «የእናቴ ሆድ» ትላለች። እኔ ሞኟ እስቃለሁ።

ባለፈው ወር ክፍል አራት አንዲት አሮጊት ገቡ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጠቁሯል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው መንገድ ዳር ወድቀው አግኝቶ ያመጣቸው። የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው ጠፋ። ዶክተሩ «ካልተቆረጠ ይሞታሉ፤ ሳላስፈቅዳቸው ደግሞ አልቆርጥም» እያለ በየክፍሉ አስተርጓሚ ያፈላልጋል።

እኛ አንሶላ ልንቀይር ገባን። አሮጊቷ የሆነ ነገር ሲናገሩ ሬዲዮ የያዘችው አንሶላ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አልኳት።

«የኛ ቋንቋ ነው» አለች። እንዲህ ቀስ ብላ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ለካ በሰባት ዓመቷ ነው ከወገኖቿ ነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገቧት። እዚያ የእናቷ ቋንቋ አንዲት ቃል ካመለጠቻት አለንጋ ነው። በኋላም መንደሩ ትልቅ እርሻ ሆነና ሰዉ ተበተነ። እኔ ግን ይህን መች ጠየቅኩ? «ዶክተር! ተገኘ!» እያልኩ ሮጥኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«እህቴ፣ እግርዎን እንቁረጥ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አላት ዶክተሩ።

ሬዲዮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥቂት ቃላት ተናገረች። አሮጊቷ እጇን ለቀም አድርገው ሳሙት፣ አለቀሱ፣ ከዚያ ዝም ብለው የከረሙትን ሁሉ ዘረገፉት። ወደ በሩ እያመለከቱ፣ እግራቸውን እየነኩ፣ እየለመኑ። ሬዲዮ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች።

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ።

«እሺ ብለዋል።»

ጣታቸውን ቀለም ነክረው አስፈረሟቸውና ወሰዷቸው።

እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን። ሬዲዮ ካውያውን ሳትሰካ ቆማ ቀረች።

«አልሰማኋቸውም» አለች።

«ምኑን?»

«አንዱንም። የቀረኝ የልጅ ቋንቋ ነው። ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ አታልቅሺ። እሱን ነው ያልኳቸው።»

«ታዲያ አላውቅም አትይም ነበር፣ አንቺ ጉድ!»

«እጄን ይዘው እያለቀሱ? የእናቴን ቋንቋ አላውቅም ልበል?»

በጥፊ ባጮልኳት ደስ ባለኝ። እጇን ይዤ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሮጥን። በሩ ተዘግቷል፤ ተጀምሯል።

አሮጊቷ ሲነቁ ብርድ ልብሱን ገልጠው አዩ። አልጮሁም። ሬዲዮ በየቀኑ ሾርባ ይዛላቸው ትሄዳለች፣ አይቀምሱላትም። በገባች ቁጥር አንዲት ቃል ብቻ ብለዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ሬሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ያንን ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እኔስ የለም ብያለሁ።

እኔና እሷ ከአንድ ቆፋሪ ጋር ቀበርናቸው። ስንመለስ አንጀቴን በላችኝና ላጽናናት ፈለግኩ።

«ያቺ ቃል ምናልባት ‹ልጄ› ማለት ትሆናለች» አልኳት።

«እሷንስ አውቃታለሁ» አለች። «ልጆች ሆነን ስንጣላ የምንባባላት ናት። ውሸታም።»