ግዝት የሚጠብቀው ቤት

ሉማሜ ላይ የጥንት ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ቤት ነበረን። ያቋቋመው መንግሥት አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ አንድ አስተማሪ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የደብራችን ቄስ ናቸው። በአዲስ አበባው መንገድ የሚያልፉ ሰዎች የአባቶቻችንን ጋሻና ብራና እየገዙ መውሰድ ሲያበዙ፣ አስተማሪው «የቀረውን እንሰብስብ» አለ። እህል ይከማችበት የነበረ ቤት ተጠረገ። አንዱ የአያቱን ቀንድ ዋንጫ፣ ሌላው የፈረስ ዕቃ፣ ሌላው አይጥ የበላው ጋሻ አመጣ። አስተማሪው ከደብተር እየቀደደ የእያንዳንዱን ስም ጻፈ። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። እንደ ማኅበር ተራ ገብተን እንጠብቅ ነበር፤ የእኔ ተራ ሐሙስ ነበር።

አንድ ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን ሣር ክዳን ማፍሰስ ጀመረና፣ እንደ መጽሐፍ የምትከፈት ትንሽ የእንጨት ስዕለ ማርያም ወደ እኛ ቤት መጣች። ቄሱ ራሳቸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አመጧት። በሩ መወርወሪያ እንጂ ቁልፍ አልነበረውም። አስተማሪው ጓጉንቸር ይገዛ ሲል ቄሱ ሳቁ።

«ጓጉንቸር በመዶሻ ይሰበራል። የእኔ አይሰበርም» አሉና መስቀላቸውን አወጡ። «ከዚህ ደጃፍ አንዲት ዕቃ ያወጣ፣ በአፈ ጴጥሮስ በአፈ ጳውሎስ የተወገዘ ይሁን።»

ሁላችንም አሜን አልን። እኔም ብያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌባ አላሰጋንም። ግን ግዝትን የሚፈታው የገዘተው ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሳምንቱ ለዘመድ ጉዳይ መርጡለ ማርያም ሄዱ። ይህን አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም።

እኔ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ስለ እነሱ ብዙ አልጽፍም።

አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ጨርቅ የሚነግደው እስላም ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ቆመ። ውኃ ከልብሱ ይንጠባጠባል። አልገባም።

«እህት ዓለም፣ ሚስቴ» አለ።

«ምን ሆነች?»

«ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ። ወንዙ ሞልቶ መኪና አያልፍም። ከቁርኣን የምችለውን ሁሉ ቀራሁላት። ሴቶቹ ማርያም ማርያም ይላሉ፤ እሷም አምጣልኝ አለችኝ።»

በአገጩ ወደ ስዕሏ አሳየኝ።

«ግዝት አለባት» አልኩት።

«ገበያው ሁሉ ሰምቷል። እኔ ላውጣት። የእናንተ ግዝት እኔን አይይዘኝም።»

«አንተ ብትወስዳትም የሰጠሁ እኔ ነኝ።»

ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ። ፈራሁ። ግዝት ወደ ልጅ ይተላለፋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ያችን ሴት ደግሞ አውቃታለሁ። ሁለተኛው ልጄ ሲያርፍ፣ ሳልጠይቃት ለመገነዣ አቡጀዲ ቆርጣ የመጣች እሷ ናት።

ስዕሏን ከነጨርቋ በነጠላዬ ጠቅልዬ በሁለት እጄ አቀበልኩት።

ማምሻውን ወንድ ልጅ ወለደች። ስዕሏ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰች።

አስተማሪው ነገሩን ስነግረው ቀለል አደረገው። «እትዬ፣ ማን አየ? ስዕሏ እንደሆነ ቦታዋ ላይ ናት።»

«ወጥታ ነበር።»

«ተመለሰች እኮ! ዶሮም ወጥታ ትመለሳለች።»

«ዶሮን ማን ገዘታት?»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴ እሰማ ጀመር፤ ሰው ሲጠይቀኝ እግሬ አብጧል እላለሁ። ልጁ የማይንቀሳቀስባቸው ጠዋቶች ነበሩ። በግራ ጎኔ ተኝቼ እጠብቃለሁ። ሲንቀሳቀስ እመቤቴን አመሰግናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ለማመስገን የሚበቃ አፍ አለኝ ወይ ብዬ እፈራለሁ። በዚህ መካከል ቄሱ መርጡለ ማርያም ላይ ታመው ተኝተዋል የሚል ወሬ መጣ። ቢሞቱ ማን ይፈታኛል? የሌሎቹ ሰዎች ሐዘን ለእሳቸው ነበር። የእኔ ጭንቀት ለልጄ ነበር፤ ይህንንም እንደ ኃጢአት ቆጠርኩት።

ፍልሰታ ሲገባ ቄሱ ከስተው፣ በበቅሎ ሆነው መጡ። ቤታቸው ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው።

«አባ፣ ስዕሏን ያወጣሁ እኔ ነኝ።»

«የት ናት?»

«ተመልሳለች።»

«ለማን ሰጠሽ?»

«ለጨርቅ ነጋዴው ሚስት። ምጥ ላይ ነበረች።»

«ለእስላም?»

«አዎ፣ አባ።»

ከበቅሏቸው ወረዱ። አንድ እጃቸውን ኮርቻው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ።

«ወለደች?»

«ወለደች።»

«እሷስ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ስገዝት ሌባን ነው ያሰብኩት» አሉ። «ምጥን አላሰብኩም። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ሳታስፈቅጂ መስጠትሽ ግን ያንቺ ነው።»

«የማንን ፈቃድ ልጠይቅ፣ አባ? እርስዎ የሉም።»

«አፍም አለሽ!» አሉ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን አልነበሩም። «ስንት ወርሽ ነው?»

«ስድስት።»

«እንግዲያስ የንስሐው ስግደት ይቅርና ጸሎት ይሁንልሽ።»

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። መስቀላቸውን ራሴ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ከዚያ ዝቅ አደረጉና ሆዴን አስነኩት። «አንተንም ይፍታህ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅህም።»

እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። ፍርሃቱ ግን ያን ቀን አልለቀቀኝም። ከውስጤ ለመውጣት ጊዜ ወሰደበት።

ኅዳር ላይ ወለድኩ። አዋላጇ «ሴት ናት፣ እልል በሉ!» ስትል «ቆዩ» አልኳቸው። መጀመሪያ ድምፅዋን መስማት ፈልጌ ነበር። ሴቶቹ ዝም አሉ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

አለቀሰች። ተመስገን።