ጋዝ የጠገበው ስኳር ድንች

በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ የሲሊንደር መፍቻ ሰጡኝና «ወንበር አለህ፤ ግን አትቀመጥበትም» አሉኝ። ተስማማኝ፤ ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለው የሙከራ ማሳ ላይ ጣሪያ የሌላቸው የላስቲክ ቤቶች ተተክለዋል። ግማሾቹ የሚያገኙት ተራ አየር ነው፤ ለቀሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቱቦ እንጨምራለን። ይህ ጋዝ በአየር ላይ እየበዛ ሲሄድ ሰብሉ ምን ይሆናል? ጥያቄያችን ይኸው ነበር።

የቴክኒሺያን ሥራ ሲሊንደር መቀየር፣ የጋዙን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ ማየት፣ ማራገቢያው መዞሩን ማረጋገጥ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ማራገቢያዎቹ እሮጣለሁ። ደህና የሚሠራውን ጌጅ እንኳ አላምነውም፤ በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ።

ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ሕይወት መጣች፤ የሶዶ ልጅ፣ የዶክትሬት ተማሪ። የትምህርት ድጋፏ የሚያልቀው በዚያው የምርት ወቅት ነበር። የስኳር ድንቹን ቅጠል በመለኪያው ቆንጥጣ ይዛ ፎቶሲንተሲሱን ታነባለች። መጀመሪያ ጋዝ ያገኘው ቅጠል ከሌላው በልጦ ሠራ፤ ፈነደቀች። ከዚያ ቁጥሩ ይወርድ ጀመር።

አማካሪዋ በስልክ «የሚጠበቅ ነው፤ ቅጠሉ ጋዙን ለምዶ ሰንፏል። ጻፊው» አሏት። ልትጽፍ ተቀመጠች። እኔ ግን አወራረዱ ፈጠነብኝ፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ቱቦ እነካካለሁ።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ምን ያቁነጠንጥዎታል?»

«እንዲህ በአንዴ ይሰንፋል እንዴ?»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ስታርቹን እንየው» ብላ ተነሳች።

ቅጠሎቹን በአልኮል ቀቅለን ስታርች ሲነካ የሚጠቁረውን አዮዲን አፈሰስንባቸው። ጋዝ ያገኙት ከሌሎቹ ይበልጥ ጠቆሩ። የሠሩት ስኳር ስታርች ሆኖ እዚያው ታጭቋል፤ ማስቀመጫ ያጣ ገበሬ መውቃት እንደሚያቆም ቅጠሉም ሥራ ቀንሷል። ታዲያ ስኳሩ ወደ ታች፣ ወደ ድንቹ ለምን አልወረደም? ሕይወት ተንበርክካ አፈሩን ጫረች። ትልልቆቹ ድንቾች የሉም።

ማሳውን የሚያርሙት እትዬ አስቴር ነበሩ። ጠራናቸው፤ ምንም አልደበቁም።

«እናት ተክሏን መች ነቀልኩ? ትልቁን ወሰድኩ፣ አፈር መለስኩለት። ቤታችንም እንዲህ ነው፤ ትንሹ ያድጋል።»

«ለምን ከእነዚህ ብቻ?» አለች ሕይወት።

«ቀድሞ የወፈረ እዚህ ነዋ፣ ልጄ!»

ሳቄ መጣ፤ የሕይወትን ፊት ሳይ ዋጥኩት። ጋዙ ድንቹን ስላወፈረው ተቆፈረ፤ ስለተቆፈረ ቅጠሉ ስኳሩን የሚልክበት አጣ። ሴትየዋን ድንቹን አይንኩ ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም። የወረደውን ቁጥር እንዳለ ብትጽፈው ትመረቃለች። ምን ታደርግ ይሆን እያልኩ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ማምሻውን ለአማካሪዋ ደወለች።

«ዶክተር፣ ያ ውጤት አይጻፍም። ድንቹ ተበልቷል።»

የሰውየው ጩኸት እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ቃሏን አላጠፈችም።

ድጋፏ ተቋረጠ። ቀን ቀን ትምህርት ቤት እያስተማረች እንደገና ተከለች። እትዬ አስቴርም ማረማቸውን ቀጠሉ፤ በዚህኛው ዙር ድንች የነካ የለም፤ ቅጠሉም ያን ያህል አልሰነፈም። ዘግይታ ተመረቀች። ልጁን እንደዳረ አባት እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

ቅጠል ሲሰንፍ ካያችሁ ጋዙን ከመክሰሳችሁ በፊት አፈሩን ጫሩ።