በጓዳ ያጎረስኳት ዳቦ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን ስዘላት ኖሬያለሁ። ለእርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁኝ ነው፤ ፊትዎን አላይም፣ ፊቴን አያዩም። ፈሪ መሆኔን ከዚሁ ይያዙልኝ።

ልጄን ወይንሸትን ገብስና ስንዴ ይገድላታል። ያውም በመንዝ! ማሳው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ በሆነበት አገር። ሐኪሙ አለርጂ ነው፣ በአፏ እንዳይዞር አለን። በዚያ ላይ አስም አለባት። ባለቤቴ አስካለ ለእሷ ብቻ በተለየ ድስት፣ በተለየ ማማሰያ ትሠራላታለች። ገብስ ሲወቃ ብናኙ እንዳይደርስባት ቤት ዘግታባት ትውላለች። እኔስ? እኔ በልጄ ሕመም አፍር ነበር። ይኸው ተናገርኩት።

ስምንት ዓመቷ ሳለ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ሆነ። ድግሱ ተሰናድቶ ካበቃ በኋላ፣ ራቤል ከተማ የምትኖረው የአስካለ እህት በምጥ ተይዛ አስካለ ተጠራች። ስትወጣ "አደራህን፣ ልጄን ከዳቦው አርቅልኝ" አለችኝ። "እኔ አባቷ አይደለሁም እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁ።

ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ወይንሸት ተራዋ ሲደርስ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ቄሱ ሕመሟን ያውቁ ነበርና "ተዋት ልጄ፣ በረከቱ እንዲሁ ይደርሳታል" አሉኝ። አንዱ ማኅበርተኛ ግን "የመንዝ ልጅ ሆና ዳቦ ፈራች? ኧረ ይቺን አዲስ አበባ ዳሯት!" አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልድ ነበር። እኔ እስከ ጆሮዬ ጋልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ ከመሶቡ ቁራሽ አንስቼ፣ እጇን ይዤ ጓዳ ያስገባኋት። "አባዬ፣ ሐኪሙ እኮ..." አለች። "የሚካኤል ነው፤ የሚካኤል ነገር ሰው አይጎዳም" አልኳት። አምኜ ነው? እምነት ቢሆን በሰው ፊት አላደርገውም ነበር? ለምን ጓዳ ገባሁ? ልቤ ያውቅ ነበር። እያወቅኩ አጎረስኳት። እሷም ዓይኗን ጨፍና ዋጠች፤ ያጎረሳት አባቷ ነዋ!

ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ገላዋ ሽፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠራት። ለአስሟ የሚነፋውን መድኃኒት ብነፋላት ብነፋላት አልሆነም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች "ምን በልታ ነው?" ስትለኝ እንግዶቼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። "ሳላያት ዳቦ ሰርቃ በልታ ነው" አልኩ። ልጄ ነፍሷ ልትወጣ ስታጣጥር፣ እኔ ሌባ አልኳት።

መርፌው መለሳት። በማግስቱ አስካለ ደረሰች። "ምን አጥተሽ ሰረቅሽ? እንዲህ ያለች ሆዳም ነው የወለድኩት?" ብላ እያለቀሰች ስትቆጣት፣ ወይንሸት ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ "ሁለተኛ አልሰርቅም እማዬ" አለች። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ይኸው ሰባት ዓመት። አስካለ በሶውንም ቆሎውንም ትቆልፋለች። ልጅቱ ከጎረቤት ስትመለስ አፏን ታሸታታለች። "የሷ እጅ አያርፍም" ትላለች፤ ስለምትወዳት ነው። ልጄ ግን አንድም ቀን የተከለከለችውን ነክታ አታውቅም።

ዘንድሮ ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አለፈች። ዘጠነኛን ለመማር መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ለራሷ እያበሰለች መኖር ነበረባት። አስካለ እምቢ አለች። "ራሷን የማትገዛ ልጅ ብቻዋን ለቅቄ ሬሳዋን ልቀበል?" አለችኝ። ምን ትበል? የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ነው።

አንድ ቀን በረት ስጠርግ ወይንሸት መጥታ አጠገቤ ቆመች። "አባዬ፣ አንተ ብትነግራት ትለቀኛለች። እኔ ብናገር አታምነኝም" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ለመነችኝ። "እነግራታለሁ" አልኳት። ዛሬ፣ ነገ እያልኩ ከረምኩ። እራት ላይ አፌን እከፍትና ስለ በጎቹ አወራለሁ። አስካለ ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ከልጄ ዕድል የኔ ትዳር በለጠብኝ።

ምዝገባው ትናንት አለቀ። ዛሬ ጠዋት ወይንሸት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ደጃፍ ላይ አገኘችኝ። ዓይኗን ማየት አቅቶኝ አቀረቀርኩ። ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ተወው አባዬ፣ ምንም አይደል" አለችኝ።

እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ሳልጠይቃት ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን ምሕረቷን ተቀብዬ፣ ዛሬም ዝም ብያለሁ።