ዓመሉ የተነገረ ጀልባ

ሐቀኛ ሻጭ አልወድም። ነቀምት ውስጥ ያገለገለ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር እየገዛሁ እየሸጥኩ ነው የኖርኩት፤ ከሚዋሽ ሰው ጋር መነጋገር አውቅበታለሁ። "አንድ ቀን እንኳ አልተፈታም" ሲለኝ ብሎኖቹን አያለሁ። ጠርዛቸው ተበልቶ ከሆነ ስንት መካኒክ እንደጎበኛቸው እነሱው ይነግሩኛል። በእግዜር ሲምልልኝ ዋጋ እቀንሳለሁ፤ በልጆቹ ሲምልልኝ ሞተሩን ሳላስነሳ እሄዳለሁ። እውነቱን የሚናገር ሰው ግን እጄን ያስረኛል። ምኑን ልከራከረው?

እንዲህ ያለው ሰው የገጠመኝ ፊንጫ ግድብ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ ልገዛ ሄጄ ነው።

እህቴ ያገባችው ከሐይቁ ማዶ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ስለወለደች፣ ሁለተኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው ተብላ ነበር። የሁለተኛው መውለጃ ወር በገባበት ሰሞን ሐይቁን ዞሮ የሚመጣው መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ነጋዴ አይጠይቅም፤ መቼ እንደሚከፈት ነው የሚጠይቀው። ለዚህም መልስ ያለው ሰው ጠፋ። ባሏ ደውሎ ሆዷ እየቆረጠ እንደሚተዋት፣ አዋላጇም በዚህኛው እጄን አላስገባም እንዳለች ነገረኝ። "በውሃ ካልሆነ በየት..." እያለ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የዚያ ማዶ ስልክ ሁሉ ዝም አለ።

በማግስቱ በባኮ በኩል ሄድኩ። ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነበር። በደህናው ጊዜ ሰው ጭን ላይ ሰው የሚጭነው ረዳት በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ብቻ ያያል። በየፍተሻው ወረድን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተሳፈርን። ማንም አላጉረመረመም። ሚኒባስ ውስጥ የሚያጉረመርም ሰው ሲጠፋ ነው እኔ የምፈራው።

ሐይቁ ዳር ያሉት ባለ ታንኳዎች የምጥ ሴት አንጭንም አሉኝ። ታንኳቸው ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ነው፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሌላው መያዝ አለበት። የሞተር ጀልባ ያለው አንድ ሽማግሌ ነበር። እሱም ሰው ማመላለስ ትቷል፤ የሚፈልግ ካለ ጀልባውን ይሸጣል። ስለ ሽማግሌው የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠኝ። ሻምቡ ያለ አንድ ደላላ፣ በሕይወቱ ሰው አመስግኖ የማያውቅ፣ "እሱ ከሸጠልህ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ" አለኝ። ይሄን ስሰማ የበለጠ ጠረጠርኩ። ሐቀኛ ሰው ደህና ጀልባ የሚሸጠው ምን አይቶ ነው?

ሽማግሌውን ውሃው ዳር ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "አካም ጅርቱ፣ አባኮ" አልኩ፤ ደህና ነዎት አባቴ እንደ ማለት። የወለጋ ሰላምታ እንደ ሰላምታዬ ሊያጥር አልፈለገም፤ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ የሌሉኝን ከብቶች ሁሉ ደህንነት ጠየቀኝ። ጉዳዬን ነገርኩት። ሰማኝና ጀልባውን እንዳየው በእጁ አመለከተ።

አየሁት። ከባሕር ዳር በጭነት መኪና የመጣ ነው፤ ላሜራው ወፍራም፣ ብየዳው ከውስጥም ከውጭም የተደገመ፣ የጎን አጥንቶቹ ቀረብ ቀረብ ያሉ። ካንዴላውን ፈትቼ አሸተትኩ፤ ደህና ነው። የማስነሻውን ገመድ ሁለቴ ሳብኩት፣ በሁለተኛው ተነሣ። ነቀፋ ፈልጌ አጣሁ። ነቀፋ የሌለው ዕቃ ደግሞ ነጋዴን እንደ ውሻ የሌለበት ግቢ ነው የሚያስጨንቀው።

ነቀፋውን ራሱ አመጣው። በእኛ አገር በሬ የሚሸጥ ሰው ዓመሉን በሰው ፊት ይናገራል፤ ይዋጋል፣ አጥር ይዘላል፣ ቀንበር ሲያይ ይተኛል ብሎ። ያልተናገረው ዓመል ከወጣ በሬው ይመለሳል። ሽማግሌው ሁለት ጎረቤቶቹን ጠርቶ ጀልባውን እንደ በሬ ዘረዘረልኝ። ከታች በስተቀኝ አንድ ጥጋን አለው። ነዳጅ ስትሰጠው ወደ ግራ ይስባል። ውሃ የሚገፋው ክንፍ ሣር ከያዘው ሞተሩ እንዳይሰበር ትንሿ ፒን ትሰበራለች፤ ትርፉ ከመቀመጫው ሥር ጣሳ ውስጥ ነው።

"ለምን ትሸጠዋለህ በለኝ እንጂ" አለ ከዚያ።

"ለምን ይሸጡታል፣ አባኮ?"

"ጀልባው ጤነኛ ነው። የታመመው የእኔ ዓይን ነው። ሣሩ አይታየኝም።"

ያኔ ነው ዓይኖቹን ያየሁት፤ ወተት እንደነካው ውሃ ናቸው። ሣሩ ያለው ደግሞ ግድቡ ሲሞላ ከረግረጉ ተገንጥሎ የተንሳፈፈው ነው። ማሳ የሚያህል፣ ላዩ ላይ ከብት የሚግጥበት፣ ነፋስ ወደ ወሰደው የሚሄድ መሬት። ጠዋት ያለፍክበትን በር ከሰዓት ዘግቶ ይጠብቅሃል። ባለ ታንኳዎቹም በዚያ ሰሞን እሱን ፈርተው ከዳር አይርቁም ነበር።

ዋጋውን ሳልከራከር እከፍላለሁ፣ አሁኑኑ ልሂድ አልኩት። እንቢ አለ። በሬ እንኳ ሳይጠመድ አይሸጥም፤ አብሬህ ሄጄ ትሞክረዋለህ፣ ክፍያ ከዚያ በኋላ ነው አለ። ሐቀኛ ሻጭ ማለት ይኸው ነው፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ ገንዘቤን ቆጥሮ እኔ ውሃው ላይ ነበርኩ።

"አንተ ታያለህ፣ ሐይቁን አታውቅም" አለ። "እኔ አውቀዋለሁ፣ አላይም።"

አንዱ ጎረቤት፣ ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ጀልባ ነጂ ይወጣችኋል አለ። ማንም አልሳቀም።

ሽማግሌው ረጅም ዘንግ ይዞ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ሞተሩ ጋ። ከዳር ስንርቅ ነፋሱ ለዘብ አለ። ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ የሰጠሙ ዛፎች ራሳቸውን ብቻ አውጥተው ቆመዋል፣ ወፍ እንኳ አላረፈባቸውም።

"ሣሩ የት ነው?" አለኝ ሽማግሌው።

"ሩቅ ነው።"

"አትነግድብኝ፣ ኢልማኮ፣ ልጄ። ምን ያህል ሩቅ?"

ከገበያው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ይርቃል፣ ሣሩ ሁለት ቦታ ነው፣ መሐሉ ክፍት ነው አልኩት። ክፍቱ ይሰፋል ይጠባል ብሎ ጠየቀኝ። እሱን አላየሁም ነበር፤ ትኩር ብዬ ሳየው እየጠበበ ነው። ሞተር አጥፋ፣ ክንፉን ከውሃ አንሣ፣ በዘንግ እየገፋን እናልፋለን አለ። በዘንግ! ፀሐይዋን አየሁ፤ አዘንብላለች። እህቴን አሰብኩ። ወፍጮ በሚያዞር ሞተር ዕድሜዬን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጉልበት ያለው ነገር ሣር ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ነዳጁን ለቀቅኩት።

ጀልባው ወደ ግራ ሳበ፣ ሣሩ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ሽቅብ ጮኸ፣ ከዚያ ምንም ሳይገፋ ለብቻው መዞር ጀመረ። ፒኗ ሄደች። አጠፋሁት። ሣሩ ከኋላችን እየተንሿሿ ገጠመ። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመቀለድ ሞከርኩ። "ገና አልከፈልኩም፣ አባኮ። ቢሰምጥ የእርስዎ ነው።"

"ቢሰምጥ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም" አለኝ።

ጣሳውን አውጥቼ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ክንፉ ላይ የተጠመጠመውን ሥር በቢላ ቆራረጥኩና ትርፏን ፒን ከተትኩ። ጣሳው ውስጥ ሌላ ፒን አልነበረም። ይሄንንም ሽማግሌው ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከዚያ ሞተሩን ከውሃ አንሥቼ፣ እሱ በዘንጉ እየወጋ፣ እኔ በመቅዘፊያ እየገፋሁ እንደ ሕፃን እየዳህን ወጣን።

ማዶ ስንደርስ የእህቴ ባልና ጎረቤቶቹ እሷን በቃሬዛ ይዘው ዳር ላይ ነበሩ። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ነው። ችግሩ በእነሱና በእኛ መሐል ሰፊ ሣር ነፋስ አምጥቶ መለጠፉ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲወጡበት እንደ ፍራሽ ጎደጎደ፤ ትንሽ ሄደው ውሃው ጉልበታቸው ደረሰ። ሽማግሌው አያያቸውም፤ የእግራቸውን ጭቅታ ሰምቶ ነው በኦሮምኛ የተናገራቸው። ተሰብስባችሁ አትቁሙ፣ ቃሬዛውን አስቀምጡት፣ ተበተኑና በገመድ ይጎተት አላቸው። የጀልባውን ገመድ ወረወርኩ። እህቴ እንደ ጤፍ ጆንያ በሣሩ ላይ እየተጎተተች መጣች። ከሥሯ ያለው መሬት ከፍ ዝቅ ይላል። ባሏ አጠገቧ በአራት እግሩ ይሄዳል።

ወደ ጀልባው ስናስገባት ፊቷ አመድ ነበር። እጄን ይዛ፣ "አንተ ያላገለገለ ዕቃ ገዝተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ይሄንንም ገና አልገዛሁትም" አልኳት።

ስንመለስ በሩቁ ዞርን፣ በሰጠሙት ዛፎች በኩል። ሽማግሌው ይጠይቃል፣ እኔ ያየሁትን ያህል ብቻ እመልሳለሁ፤ አላሳነስኩም፣ አልጨመርኩም። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ከማንም ጋር አላደረግኩም። እህቴ መጀመሪያ ታቃስት ነበር። በኋላ ማቃሰቱን ስትተው ባሏ በየጊዜው እጁን አፍንጫዋ ሥር ያደርግ ጀመር። ሣሩ በቀኛችን አብሮን ይሄዳል፤ እኛ ቀስ ስንል የቀደመን እየመሰለኝ ነዳጅ መስጫው ላይ ያለውን እጄን በሌላው እጄ ያዝኩት።

ደረስን። ከመነሣታችን በፊት እንዲጠብቀን የለመንኩት መኪና ዳር ላይ አልጠፋም ነበር። ሻምቡ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ በመንገድ ስንት ሰዓት እንደቆየን ጠየቀኝና መልሴን ሳይሰማ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባ። ሴት ልጅ ተወለደች። እህቴ ደም ተሰጥቷት በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች።

እሷ መቀመጥ ስትጀምር ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። እህቴ ተሻግራለች፤ ነቀምት ውስጥ በጀልባ ምን አደርጋለሁ? ወደ ግራ መሳቡን አነሣለሁ፣ ጥጋኑን አነሣለሁ፣ የቀኑን ኪራይ ከፍዬ እወጣለሁ። ሽማግሌው ሐይቁ ዳር ቆሞ ነበር። አፌን ሳልከፍት፣ "ሙከራ ነው ብዬሃለሁ። ዓመሉ ካልተስማማህ ተወው፣ ዕዳ የለብህም" አለኝ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ሥራ ፈታ።

ኪራዩን ሰጠሁት፤ የነዳጁን ብቻ ወስዶ ሌላውን መለሰልኝ። ልሰናበተው ስል ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ሣሩ ከመሐል ተነሥቶ ወደ እኛ ዳር እየመጣ ነው።

"ስልኩ ከጠፋ ወዲህ ማዶ ያሉት ሰው ሲታመምባቸው እርጥብ ሣር ያጨሳሉ" አለኝ። "ጎረቤቶቼ ገበያ ሄደዋል። ጭስ አለ?"

አየሁ። ከማዶው ኮረብታ ሥር ቀጭን፣ ነጭ፣ ነፋሱ ያጋደለው ነገር ቆሟል። የለም ብዬ ብዋሸው የሚያውቅብኝ አልነበረም። የታመመው ስሙን የማላውቀው ሰው ነው፤ መመለሻዬ ሚኒባስም ከምሳ በኋላ አይገኝም።

"አለ" አልኩት።

በእጁ እየዳሰሰ ዘንጉን ፈልጎ አነሣና ወደ ጀልባው ገብቶ ፊት ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ። እኔ ጣሳውን ከመቀመጫው ሥር አውጥቼ ከፈትኩት። ፒን አልነበረበትም። ከኪሴ ቁልፎች መሐል ውፍረቱ የሚመጥን ሚስማር ፈልጌ፣ ርዝመቱን ለክቼ፣ በፒኗ ልክ መቁረጥ ጀመርኩ።