ቅዳሜ ከሰዓት ዝም የሚሉ ሰዎች

ሊይዙኝ የመጡት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው፤ እንግዶቼ ከወጡ ብዙም አልቆየም። ሁለት ፖሊሶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ናቸው። ቤቴን ሲበረብሩ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ሲቪል የለበሰው የሙዚቃ ሸክላዎቼን እንደ እንጀራ ደራርቦ ሲያነሳቸው ግን አላስቻለኝም። "ኧረ በእናትህ ጠርዙን ያዝ! ጣትህን መሃሉ ላይ አታሳርፍ!" ብዬ ጮህኩበት። ፖሊሶቹ ተያዩ። ሊታሰር እየሄደ ስለ ጣት የሚጨቃጨቅ ሰው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበረች። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳ አያሰማህም። እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ይሸታል። ከእኔ በፊት የገቡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ያለ ወረቀት ቡና ጭነሃል ተብለው የተያዙ፣ ከዋጫ ከተማ የመጡ ነጋዴ። "ግባ፣ ግባ፣ ቤት ለእንግዳ ነው" አሉኝ፣ ሳሎናቸው ያለሁ ይመስል። ከቤታቸው ከመጣላቸው ቆጮ ቆርሰው ሰጡኝና ምን አድርጌ እንደታሰርኩ ጠየቁኝ።

"ሙዚቃ ሰምቼ ነው፣ ጋሼ።"

"ጮክ አድርገህ ነው?"

"ኧረ ቀስ አድርጌ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔም ገና ስላልገባኝ አልፈረድኩባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦንጋ ፊዚክስ ለማስተማር ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ። የጃዝ ወዳጅ ነኝ ብል አይበቃም፤ ሱሰኛ ነኝ። አዲስ አበባ ከወጣሁ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን ሳልዞር አልመለስም፤ ጫማ ልገዛ ሄጄ ሸክላ ይዤ በአሮጌ ጫማዬ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኛዎቹ የድሮ ሰዎች አሉ፤ ትራምፔቱን ሲነፉት ጎረቤት የሞተ የሚያስመስሉ። የአሜሪካ ጥቁሮቹ አሉ፤ ፒያኖውን እየነካኩ ወሬ የሚያወሩ የሚመስሉ። እነዚህን ብቻዬን መስማት ስስት መሰለኝና ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቼን መጥራት ጀመርኩ። አንዱ ባንክ ቤት ይሠራል፣ ሁለቱ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ አንዷ ነርስ ናት።

ቤቴ አንድ ሕግ አለው፤ ሸክላ እየዞረ አይወራም። ወሬ ያማረው የሸክላው አንድ ገጽ እስኪያልቅ ይታገሣል። የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ በርና መስኮት እዘጋለሁ። ከጎረቤቶቼ አንዱ ያየው ይህን ነው፤ ሰዎች ይመጣሉ፣ በር ይዘጋል፣ የሰው ድምፅ አይሰማም፣ ሲመሽ ፊታቸው እንደከበደ ይወጣሉ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ሰው ተሰበሰበ ማለት አንድ ነገር መከረ ማለት ነበር። ሄዶ ጠቆመ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይከነክነኝ ነበር።

መርማሪው ከእኔ ብዙ የሚያንስ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ልጅ ነው።

"ስትሰበሰቡ ምን ትወያያላችሁ?"

"ምንም።"

"ይሄ ሁሉ ሰው በር ዘግቶ ምንም?"

"ማውራት ክልክል ነው።"

"ማን ከለከለ?"

"እኔ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ስማ መምህር። የተማርክ ሰው ነህ፣ እኔን አታታልለኝ። ነገ እውነቱን ካልነገርከኝ አንድ በአንድ አስመጣቸዋለሁ። እነሱ ይናገራሉ።"

ነርሷ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። ወደ ክፍሌ ስመለስ የማስበው ያንን ሕፃን ነበር።

"አንተ እንዴት ያለህ ሞኝ ነህ!" አሉኝ የዋጫው ሰውዬ ስነግራቸው። "ስለ ኳስ ነው የምናወራው አትልም? አብረው ዝም የሚሉ ሰዎች ያስፈራሉ። እኔን ራሴን አስፈራኸኝ እኮ!"

ምክራቸው ጥሩ መስሎኝ ስገላበጥበት ቆየሁ። ግን እኔ ኳስ ብዬ እነሱ ተጠርተው "ዝም ነው የምንለው" ቢሉስ? ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀልን። ከእውነቱ ሌላ የምንገናኝበት ቃል አልነበረንም።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ስቀርብ "ልንገርህ ብል አታምነኝም፤ ላሳይህ" አልኩት። ማጫወቻዬ ከቢሮው ጥግ ተቀምጧል። ሸክላዎቼ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ተከምረዋል፤ ሳያቸው ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም። መርማሪው ትንሽ አሰበና "እሺ፣ አሳየኝ" አለ። መብራት ነበረ፣ ተመስገን። አንድ የሳክስፎን ሸክላ መርጬ በሸሚዜ ጫፍ አቧራውን ጠረግሁና መርፌውን አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ ቤዙ ገባ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሳክስፎኑ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

"ይሄ የሚነፋው የየት አገር ሰው ነው?" አለ መርማሪው።

ዝም አልኩ።

"መምህር፣ እያናገርኩህ ነው!"

ብመልስለት ውሸታም ነኝ፤ ባልመልስለት ደግሞ እሱ መርማሪ ነው፣ እኔ እስረኛ። ራሴን ነቅንቄ ወደሚዞረው ሸክላ ጠቆምኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። በቃ፣ አሁን ተነስቶ በጥፊ ይለኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጠራ፤ አየውና ድምፁን አጠፋው።

ገጹ ሲያልቅ መርፌውን አነሳሁ። "አሜሪካዊ ነው፤ ሞቷል" አልኩት። "አትቀየመኝ። ሸክላ ሲዞር እናቴ ብትጠይቀኝም አልመልስም።"

"እነሱም እንዲህ ነው የሚቀመጡት?"

"እንዲሁ ነው። ነርሷ አንዳንዴ ታለቅሳለች።"

መርማሪው "ገልብጠው እስቲ" አለኝ።

ጓደኞቼን አላስጠራቸውም። እኔም ጥቂት ቀን ቆይቼ ከነሸክላዎቼ ወጣሁ፤ ፀሐይ ያጎበጠው አንዱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ወንበር ማውጣቱን ፈራሁት። የተያዝኩት በጓደኞቼ መምጣት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ቢቀሩ ማን ይፈርድባቸዋል? መጀመሪያ የባንኩ ልጅ መጣ። ከዚያ የግብርናዎቹ ሁለቱም፣ ዝናብ እያራገፉ። መጨረሻ ላይ ነርሷ ልጇን አዝላ ገባች። አንዳቸውም ስለ እስሩ አልጠየቁኝም። ተቀመጡና ሸክላ እስካስቀምጥ ጠበቁ።

ዛሬም ይመጣሉ። እኔ የዚህን ያህል ሙዚቃ የምወድ ሰውዬ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ሳክስፎኑን እተወውና እነሱ ሲተነፍሱ ነው የማዳምጠው።