ሃያ ስድስት ጨዋታ ከግድግዳው ወዲህ

ባሌ መስታወት ቆራጭ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መስኮት ሲለካ፣ ሲቆርጥና ሲገጥም ኖሮ፣ የራሳችንን የወጥ ቤት መስኮት ስንጥቅ ግን በፕላስተር ለጥፎ የተወ ሰው ነው። "ነገ" ይላል። ለእግር ኳስ ሲሆን ነገ የሚባል አያውቅም። ደንበኛ መስታወት ሊያሠራ መጥቶ ቆሞ ሳለ፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ ደርድሮ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ያስረዳል። በሁሉም ነገር ስለሚከራከር ሰፈሩ "ዳኛው" ይለዋል፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው እጠራዋለሁ።

ቡድኑ ቢጫ ለባሾቹ ናቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደግፋቸው አንድ ዋንጫ አላነሱም። ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ቀርበው ሦስቴም ተሸነፉ፤ ሦስቴም እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ይህን ያስተዋለው ጓደኛው ፀጉር አስተካካዩ ነው። "ዳኛው፣ ሚስትህ ገደ ቢስ ሳትሆን አትቀርም" አለው፤ እዚያው እኔ ፊት፣ ያቀረብኩለትን ሻይ እየጠጣ። ሦስታችንም ሳቅን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ባለፈው የውድድር ዘመን የመጀመሪያ እሁድ ባሌ በር ላይ ቆሞ አገጩን እያከከ "የኔ እመቤት፣ ዛሬን እንኳ ወጥ ቤት ብትሆኚልኝ" አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን ወደ ወጥ ቤት ገፋሁና በሩን ዘጋሁ። አሸነፉ። በሁለተኛውም እሁድ እንደዚያው አደረግን፤ አሸነፉ። እስከ አምስተኛው ቀልድ ነበር። ከአሥረኛው በኋላ መኪናዬ ወደ ሳሎን አልተመለሰም።

እንዳይከፋኝ ብሎ አንድ ነገር ዘየደ። ቡድኑ ጎል ሲያገባ በመካከላችን ያለውን ግድግዳ አንዴ ይመታል፤ እኔ በመቀሴ እጀታ አንዴ እመልሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ በሰዓቱ አነጋግሮኝ አያውቅም። አንድ እሁድ አምስት ጊዜ መታ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ስድስተኛ ሲጨምር ልስኑ ረግፎ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ወረደብኝ።

"ስድስት አገቡ እንዴ?" አልኩት።

"አምስት ነው። ስድስተኛው ላንቺ ነው" አለኝ ከወዲያ።

ሃያ አምስት ጨዋታ፣ ሃያ አምስት ድል። አቻ እንኳ የለም። በዚያ መሀል ግራ ትከሻዬን ያመኛል ማለት ጀመረ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው "መስታወት ተሸክሜ ነው፤ ውድድሩ ይለቅና እንሄዳለን" ይላል። እኔም አፌን ዘጋሁ። ያን ዝምታዬን ዛሬ እረግመዋለሁ።

ሃያ ስድስተኛውና የምድብ ጨዋታው የመጨረሻ እሁድ ደረሰ። ግንባሩን ላብ ላብ ሲለው አየሁ፤ የጭንቀት መሰለኝ። "ዛሬ አብሬህ ልቀመጥ?" አልኩት። ትንሽ አሰበ። አሰበ እኮ። ከዚያ "አንድ ጨዋታ ነው የቀረን፤ ሙሉ ያድርጉልኝና ከዚያ እስኪሰለችሽ አብረን እናያለን" ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሃያኛው ደቂቃ ገደማ ግድግዳውን መታ፤ መለስኩለት። ከእረፍት በኋላ ተጋጣሚዎቹ አቻ አደረጉ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ሁለተኛው ጎል ገባ። መቀሴን አንስቼ ጠበቅኩ። ግድግዳው ዝም አለ። በደስታ ረሳኝ ብዬ ሆድ ባሰኝ። ቆየት ብሎ ግን ፈራሁ፤ ተነሳሁና እጄን የበሩ እጀታ ላይ አሳረፍኩ። "አሥር ደቂቃ ለማትሞላ ነገር ሃያ አምስቱን ልታበላሺበት?" አልኩ ለራሴ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፊሽካው እስኪነፋ አንድ እጅጌ ገጠምኩ፤ ሁለት ለአንድ አሸነፉ።

ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ቢጫው ሻርፕ ጉልበቱ ላይ። ወንበሩን ከወትሮው ይልቅ ወደ ግድግዳው አስጠግቶታል። ሐኪሙ "ልቡ ነው፤ አጠገቡ ብትሆኚም ብዙ የምታደርጊው ነገር አልነበረም" አለኝ። ብዙ ማድረግ አልፈለግኩም። እጁን እይዘው ነበር። ሁለተኛውን ጎል ይየው አይየው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የምድብ አንደኞቹ ለዋንጫ የሚጋጠሙበት ጥሎ ማለፍ ተጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ መጣና ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ "እህቴ፣ ብቻሽን አትሁኚ፤ ነይ እኛ ቤት እንየው" አለኝ። እምቢ አልኩት። እሱ ሲሄድ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ ሻርፑን ወንበሩ ላይ አደረግኩ፣ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የደከመበትን እንዳላበላሽበት ነው። እብደት በሉት።

አላየሁም፣ ከቦታዬ አልተነሳሁም፣ መኪናዬን እንኳ አልነካሁም። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ።

ጨዋታው እንዳለቀ ፀጉር አስተካካዩ ተመልሶ መጣና ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ አገኘኝ።

"አይዞሽ፣ ለከርሞ ዋንጫውን ይበሉታል" አለኝ።

"ለነሱ አይደለም የማለቅሰው" አልኩት። "በሩን ዘግቼ ተቀምጬም ተሸነፉ። ገደ ቢሷ እኔ አልነበርኩም ማለት ነው። ሃያ ስድስቱንም አጠገቡ ሆኜ ማየት እችል ነበር።"

ያችን የሻይ ላይ ቀልዱን አስታወሳት መሰለኝ፣ አቀረቀረ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና የስፌት መኪናዬን ወደ ሳሎን ሲገፋ አገዝኩት፤ ከወንበሩ አጠገብ አቆምነው።